ስለ ማኅበርና ስለ አጥሩ

ሰው ብቻውን ይኖር ዘንድ ያልተፈጠረ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። ሕፃን ሲወለድ የሚቀበለው የሌላ ሰው እጅ ነው፤ ሽማግሌ ሲሞት ዓይኑን የሚከድንለትም የሌላ ሰው እጅ ነው፤ በመካከሉ ያለው ዕድሜ ቢሆን ያለ ባልንጀራ እርዳታ አንድ ቀን ስንኳ በደኅና አይመሽም። ይህ ሁሉ የታወቀ ነው። በደንብ ያልተመረመረው ነገር ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም፦ አንድ ማኅበር አባሎቹ እርስ በርሳቸው ስለ ተፋቀሩ ብቻ መልካም ማኅበር ሊባል ይገባዋልን? ወይስ መልካምነቱ የሚታወቀው ከአጥሩ ውጭ በቀረው ሰው ላይ በሚያደርገው ነገር ነው? ይህ ጥያቄ በመጽሐፍ ቤት ተቀምጠው በቃል ብቻ ሲፈቱት ይቀላል፤ የሚከብደው የሚታወቅ አገርና የሚታወቅ ኑሮ ይዘው ሲመረምሩት ነውና፣ እኛም እንዲሁ እናድርግ።

በካፋ ዞን የጨና ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ዋጫ ከቦንጋ በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ የገጠር ከተማ ናት። አገሩ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ በተቋቋመው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ይቈጠራል። ዝናብ የማይርቀው፣ የእንሰትና የቡና፣ የማርና የኮረሪማ አገር ነው፤ ቡናውም በተከለው ሰው ማሳ ብቻ ሳይሆን በደን ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ይገኛል። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ገበሬ ኑሮን ለብቻው ሊያሸንፈው አይችልም። ቡናው ቀልቶ ለቀማ ሲደርስ የአንድ ቤት እጅ አይበቃውም፤ ቤት ሲሠራ ምሰሶ የሚያቆመው ብዙ ሰው ነው፤ በክረምት መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና በማይገባበት ቀን በሽተኛው በቃሬዛ ተነሥቶ ወደ ሐኪም ቤት የሚደርሰው በጎረቤት ትከሻ ነው። ደቦውም፣ ዕቁቡም፣ ዕድሩም በዚህ ምክንያት ሰፍተው ይኖራሉ። ምእመናኑ ደግሞ በየወሩ በጻድቅ ወይም በሰማዕት ስም የሚጠጡት ማኅበር፣ በእሑድም ከቅዳሴ በኋላ የሚሰበሰቡበት ሰንበቴ አላቸው። ማኅበር የሚለው ቃል ኀብረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ መሆኑን የቅኔ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ አንድ መሆን፣ መተባበር ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ስለ ዕድር ጥቂት ላቆይ እወዳለሁ፤ የማኅበርን ባሕርይ ከሌሎቹ ይልቅ እርሱ ያሳየናልና። አንድ ሰው በሌሊት ቢሞት ጎሕ ሳይቀድ ጥሩምባ ይነፋል። ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሳሕኑ፣ ኩባያው ከዕድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ጐልማሶቹ መቃብር ይቈፍራሉ፤ ሴቶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ ቆጮና እንጀራ ያዘጋጃሉ፤ ኀዘንተኛው እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ በቤቱ ስለሚደረገው ነገር አያስብም። ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ የመጣውንና የቀረውን ይመለከታል፤ ያለ ምክንያት የቀረው መቀጮ ይከፍላል። በዚህ በመቀጮው ነገር የሚያሾፉ አንዳንድ የተማሩ ሰዎች አሉ። «በመቀጮ የሚመጣ ኀዘን ምን ኀዘን ነው? ይህ እኮ ፍቅር ሳይሆን ውል ነው» ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም። የሰው ፍቅር የሚደክምበት ቀን አለው፤ ዝናብ ሲዘንብ፣ ሥራ ሲበዛ፣ ከሟቹ ቤተ ሰብ ጋራ ቅያሜ ሲኖር ይደክማል። በዚያን ቀን ሰውየውን ከአልጋው የሚያስነሣው መቀጮው ነው፤ ቀብር ደርሶ የልጆቹን ልቅሶ ባየ ጊዜ ግን ልቡ ይነካል፣ ቅያሜውም ይለቀዋል። ሥርዐት የደከመውን ፍቅር ይደግፈዋል እንጂ አያጠፋውም። ጾምም እንዲሁ ሥርዐት ነው፤ ጸሎትም ሰዓት አለው።

ስለዚህ ዕድር ውል በመሆኑ አንነቅፈውም። የሚነቀፍ ነገር ካለው በሌላ በኩል ነው፤ እርሱም ስሙ በመዝገቡ እንዳይጻፍ የተከለከለ ሰው ያለ እንደ ሆነ ነው።

የቡናውን ሥርዐት ደግሞ እንመልከት። በካፋ ቡና ሲፈላ አንድ ቤት ለብቻው አይጠጣም። ልጅ ይላካል፤ «ቡና ጠጡ» ተብሎ ጎረቤት ይጠራል፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪወጣ ድረስ የሰፈሩ ወሬ ይወራል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። ጎረቤት የሚለው ቃል ጎር ከሚለው ግዕዝና ቤት ከሚለው ቃል የተጋጠመ ነው፤ ጎር ማለት አጠገብ የሚኖር ማለት ነውና፣ በቃሉ ፍቺ ብንሄድ አጠገብ የሚኖር ሁሉ ወደዚህ ቡና ሊጠራ ይገባው ነበር። ነገር ግን ይህን ቡና ያፈላው እሳት የነደደበትን እንጨት ማን አመጣው? ከሰሉን ማን አከሰለው? በካፋ አገር እንጨትና ከሰል ተሸክመው ወደ ገበያ ከሚመጡት ብዙዎቹ ማንጆ የተባሉት ወገኖች ናቸው። እንጨቱ ወደ ቤት ይገባል፤ ተሸካሚው ግን በደጅ ቆሞ ዋጋውን ይቀበልና ይመለሳል። ኖሮ ኖሮ አንድ ጊዜ የሚጠጣ ነገር ቢሰጡት ስንኳ የቤቱ ሰው በሚጠጣበት ስኒ ሳይሆን በተሰበረ ዕቃ ወይም በእንሰት ቅጠል መስጠት የቈየ ልማድ ነበር፤ ይህም ልማድ ከአንዳንድ ቤት ቢወጣም ከአገሩ ፈጽሞ አልወጣም።

ማንጆ እነማን እንደ ሆኑ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እናገራለሁ። ቋንቋቸው የካፋ ቋንቋ ነው፤ አገራቸውም ያው አገር ነው። ቀድሞ በአደን ይተዳደሩ ነበር፤ የሚኖሩትም በደን ዳርቻ ነው። በካፋ ነገሥታት ዘመን መንግሥቱ በጥልቅ ጉድባና በአጥር የተከበበ ሲሆን የበሮቹ ጠባቂዎች ማንጆዎች እንደ ነበሩ ታሪክ ይናገራል። እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ፤ የመንግሥቱን በር ይጠብቅ ዘንድ የታመነ ሰው በጎረቤቱ ቤት በር እንዳይገባ የተከለከለ ነበር። ዛሬም ከዚህ የሚመሳሰል ነገር አለ። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቦ በዓለም ፊት ክብር አገኘ፤ ከደኑ ጋራ የኖረውና ዛፉንና አውሬውን በስሙ ለይቶ የሚያውቀው ሰው ግን ያን ክብር ገና አልተካፈለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሳነብ ልቤ እጅግ ያዘነበት ነው። በቀድሞው ዘመን ማንጆ ጎማሮ የሚባለውን የካፋ ገበሬ በመንገድ ባገኘው ጊዜ ዞር ብሎ ይቆምና የሚሰጠው ሰላምታ «ልሙትልህ» የሚል ፍቺ ያለው ቃል እንደ ነበረ የአገሩን ልማድ ያጠኑ ጽፈዋል። እኛ ካህናት ስለ ወዳጅ ነፍስን አሳልፎ መስጠት ከፍቅር ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት እናስተምራለን። ይህን የሚያህል ቃል የተናቀው ሰው ለናቀው ሰው በየመንገዱ ይከፍለው ዘንድ ሲገደድ፣ በክርስቶስ የሆነው ነገር ተገለበጠ ማለት ነው፤ በዚያ ጌታው ስለ ባሪያዎቹ ሞተ እንጂ ባሪያዎቹ «እንሙትልህ» እንዲሉት አላስገደዳቸውም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። «አጥር የሌለው ማኅበር የለም፤ ሁሉን የሚቀብር ዕድር ማንንም አይቀብርም፣ ገንዘቡ ያልቅበታልና» የሚል ክርክር ይነሣል። ይህ ክርክር ከንቱ አይደለም። በውጭ አገርም ቢሆን ማኅበር ሁሉ ድንበር አለው። በእንግሊዝ አገር የገጠሩ ማኅበር የቆመው በቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ላይ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1601 ዓ.ም. በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን በወጣው ሕግ እያንዳንዱ አጥቢያ ከነዋሪዎቹ ግብር እየሰበሰበ የራሱን ድኾች እንዲረዳ ታዘዘ፤ ይህም መልካም ሥራ ነበር። ግን «የራሱ» የሚለው ቃል በሽታ ሆነ። በ1662 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ወጥቶ፣ ከሌላ አጥቢያ የመጣና ወደ ፊት ድኻ ሆኖ ሸክም ይሆናል ተብሎ የሚገመት ሰው ተይዞ ወደ መጣበት እንዲመለስ ተፈቀደ። ከዚህም የተነሣ የሚወለደው ሕፃን የአጥቢያው ዕዳ እንዳይሆን ምጥ የቀረባትን ድኻ ሴት ወደ ሌላው አጥቢያ ድንበር የሚገፉ ሹማምት ተገኙ። በ1697 ዓ.ም. ደግሞ ከአጥቢያው እርዳታ የሚቀበል ሰው ድኽነቱን የሚያስታውቅ ፊደል ከቀይ ወይም ከሰማያዊ ጨርቅ ተቈርጦ በቀኝ ትከሻው እንዲሰፋ ታዘዘ። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር፣ በመከር ይረዳዱ ነበር፣ ሙታናቸውን በክብር ይቀብሩ ነበር። ክፋታቸው ከፍቅራቸው ዳርቻ ላይ የሚጀምር ነበር። ያን ሁሉ ሕግ ትተው ነገሩን ለመላው መንግሥት ያደረጉት በ1948 ዓ.ም. ነው። የትከሻው ጨርቅና የእንሰቱ ቅጠል፣ አገራቸው ቢራራቅም፣ የአንድ አሳብ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ አጥር ሁሉ ክፉ ነውን? አይደለም። ግን አጥር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በር ያለው ነው፤ ወርሐዊውን የሚከፍል፣ ደንቡን የሚጠብቅ፣ በቀብር የሚገኝ ይገባል፤ ይህን የማይፈጽም በውጭ ይቀራል፣ ነገ ግን ሊፈጽምና ሊገባ ይችላል። እንዲህ ያለው አጥር ለማኅበሩ ያስፈልገዋል፤ ማንንም አያዋርድም። ሁለተኛው በር የሌለው ነው፤ ሰውየው ቢከፍል፣ ቢያገለግል፣ ጠባዩን ቢያሳምር፣ ሀብታም ቢሆን፣ ቢማር፣ አባቱ ማን እንደ ሆነ ስለሚታወቅ ብቻ አይገባም። የመጀመሪያው አጥር ስለ ሥራ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ስለ መወለድ ይጠይቃል፤ መወለድ ደግሞ ማንም ራሱ ያላደረገው ነገር ነውና ሰውን ባላደረገው ነገር መቅጣት በማናቸውም ሕግ ፍርድ አይባልም። ዕድር በመጀመሪያው አጥር ሊኖር ይችላል፤ ሁለተኛውን ያጠረ ዕለት ግን የጋራ ሣጥን ያላቸው ሰዎች ስብስብ ይሆናል እንጂ ማኅበር የሚለው ስም አይገባውም።

በዚህ ስፍራ ካህናት ወንድሞቼ ሌላ ነገር እንደሚያነሡብኝ ዐውቃለሁ። «ማንጆ የጉሬዛና የዱር ዐሣማ ሥጋ ይበላል፤ የምንለየው ስለ መብሉ ነው እንጂ ስለ ትውልዱ አይደለም» ይላሉ። ቤተ ክርስቲያናችን የሚበላውንና የማይበላውን የምትለይበት የቈየ ሥርዐት አላት፤ እኔም ይህን ሥርዐት አልነቅፍም። ነገር ግን ምክንያት እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው እርሱ ሲወገድ ውጤቱም አብሮ ሲወገድ ነው። ከማንጆዎች ብዙዎቹ ያን ሥጋ ከተዉ ዘመናት አልፈዋል፤ ተጠምቀዋል፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፣ ልጆቻቸውን በአርባና በሰማንያ ቀን ያስጠምቃሉ። ስኒው ግን አልተሰጣቸውም። በእናቱ ጡት ያለው ሕፃን ምን ዓይነት ሥጋ በላና ይለያል? በሌላ በኩል ደግሞ ከጎማሮ ወይም ከአማራ ወገን የሆነ ሰው ያልተፈቀደ ነገር ቢበላ ወይም ጾም ቢሽር፣ የንስሓ አባቱ ቀኖና ይሰጠዋል፤ ፈጸመ፣ ተመለሰ፣ ነገሩ አለቀ፤ በልጁና በልጅ ልጁ ላይ የሚተላለፍ ነገር የለም። ለአንዱ ኀጢአት የሆነው ለሌላው ደም ከሆነ፣ ክርክሩ ስለ መብል አይደለም ማለት ነው። በቅኔ ቤት ሰምና ወርቅ መለየት እንማራለን፤ በዚህ ነገር መብሉ ሰም ነው፣ ሰሙ ሲቀልጥ ግን ከውስጡ ወርቅ ሳይሆን ትውልድን መናቅ ይወጣል።

የሐዋርያትን ታሪክ ያስታወስን እንደ ሆነ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሳለ የታየው ራእይ በመብል ምሳሌ ስለ ሰው የተነገረ መሆኑን እርሱ ራሱ ተረጐመው፤ ወደ ቆርኔሌዎስም ቤት ገባ። ያው ጴጥሮስ ግን በአንጾኪያ ሳለ ሰው ፈርቶ ከአሕዛብ ማዕድ ራሱን ለየ፤ ጳውሎስም በሁሉ ፊት ተቃወመው። እዚህ ላይ የሚያስደንቀኝ ነገር አለ። ጴጥሮስ በአንጾኪያ የተሳሳተ ትምህርት አላስተማረም፤ በዚያ ቀን ሃይማኖቱን ቢጠይቁት ቀጥ ያለውን ይመልስ ነበር። ስሕተቱ በአፉ ሳይሆን በተቀመጠበት ስፍራ ነበር። ጳውሎስም መቀመጫን መለወጥ ወንጌልን እንደ መለወጥ አድርጎ ቈጠረው። ስለ እኛም አገር ያለውን እንመልከት፤ ፊልጶስ ያጠመቀውን የኢትዮጵያ ሰው የግዕዙ መጽሐፍ ኅጽው ይለዋል፣ ጃንደረባ ማለት ነው። በኦሪት ሕግ እንዲህ ያለው ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር፤ ፊልጶስ ግን ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከአጠገቡ ተቀመጠ። ወደ ጥምቀት የቀደመን ይህ የአገራችን ሰው በሕጉ አጥር ውጭ የቀረ ሰው ነበር ማለት ነው። እኛ በዚህ ታሪክ እየተመካን ሌላውን በአጥር ውጭ ብናቆመው ሁለቱ ነገር አይገጥምም።

ይህን የምጽፈው የካፋን ሕዝብ ለመንቀፍ የሚመስለው ሰው እንዳይኖር። ካፋ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ከተያዙ ወዲህ ሕዝቡ በገባርነትና በባርነት ምን ያህል እንደ ተጐዳ የታወቀ ነው፤ ንቀት ምን እንደ ሆነ ሊያስተምረው የሚገባ ሌላ ሰው የለም። በሰሜኑም አገር ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪውን «ጠይብ» «ቡዳ» እያልን ስናርቅ ኖረናል፤ ያረሰበትን ማረሻ፣ የለበሰውን ሸማ፣ ወጥ የሠራበትን ድስት ከእነርሱ እጅ እየተቀበለ ሠሪዎቹን የሚሰድብ ሰው በየመንደሩ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ያወጡት ስለዚህ ነው። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት አዘጋጅተውት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ በደቡብ ኢትዮጵያ በልዩ ልዩ አገር ያሉትን የሸክላ ሠሪዎች፣ የፋቂዎች፣ የቀጥቃጮችና የአዳኞች ወገኖች አንድ በአንድ ይመለከታል፤ የካፋ ማንጆዎችም በዚያ አሉ። ነገሩ የሁላችን ነው።

ሕግ ምን አደረገ ብለን የጠየቅን እንደ ሆነ ብዙ አድርጓል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሲሆን ማንጆ ከሌላው ገበሬ ጋራ በአንድ የገበሬ ማኅበር ተጻፈ፤ መሬት አገኘ፣ በስብሰባም ተቀመጠ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጹ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ይደነግጋል። ይህ ባይሆን ኖሮ የዛሬው ክርክር ስንኳ አይቻልም ነበር። ነገር ግን ዐዋጅ የመሥሪያ ቤትን በር ይከፍታል እንጂ የቤትን በር አይከፍትም። ሁለት ሰዎች በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ስለ ቀበሌው ጉዳይ እጅ አውጥተው ሲያበቁ፣ ከስብሰባው ሲወጡ አንዱ ወደ ቡናው ይጠራል፣ ሌላው ወደ ደኑ ይመለሳል። በስኒው ላይ ሥልጣን ያላት የቤቱ እመቤት ናት፤ እርስዋ ደግሞ ጎረቤቶችዋን ትፈራለች።

ወደ ዋናው ጭንቅ የደረስነው እዚህ ነው። በዋጫ ወይም በሌላ የካፋ መንደር የሚኖር አንድ ቅን ገበሬ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እውነት ነው» ቢል፣ ማንጆ ጎረቤቱንም ጠርቶ በራሱ ስኒ ቡና ቢያጠጣው ምን ይሆናል? በማግስቱ ሌሎቹ ጎረቤቶቹ ከቤቱ አይቀምሱ ይሆናል። ሚስቱ በማኅበርተኞችዋ ዘንድ ትታማለች። ሴት ልጁን ያጨ ሰው ይቀዘቅዛል። ከሁሉም የሚያስፈራው፣ ነገ ሲሞት በዕድሩ ድንኳን ሥር የሚቀመጥ ሰው እንዳይጠፋ ነው። በከተማ ቁጭ ብሎ «ይህን ፍርሃት ትቶ እውነትን ያድርግ» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ዕድር ለእርሱ ምን እንደ ሆነ ከላይ ተናግረናል። ከቃሬዛው ከትከሻው ሁሉ ተለይ ማለት ነው። እኔ በዚህ ገበሬ ላይ የመጀመሪያውን ሸክም ልጭንበት አልደፍርም። መልካም ነገርን ለመጀመር ግዴታ ያለበት ሰው ዐቅም ያለው ሰው ነው፤ ለመልካሙ ነገር ከሁሉ ያነሰ ዋጋ የሚከፍለውም እርሱ ነው።

ያ ሰው ማን ነው? በመንደሩ ውስጥ ጎረቤት ሁሉ ቢያኰርፍ ሊለየው የማይችለው አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ካህኑ ነው። ያለ እርሱ አይጠመቁም፣ አይቈርቡም፣ አይፈቱም። ስለዚህ ካህኑ በጠበል ቀን ወደ ጎማሮው ቤት እንደሚገባ ሁሉ ወደ ማንጆው ቤት ገብቶ ቤቱን ቢባርክ፣ የቀረበለትንም ቆጮ ባርኮ ቢበላ፣ የጎረቤቶቹ አፍ ምን ይላል? ጥቂት ጊዜ ያጕረመርማል፣ ኋላም ዝም ይላል። የመጀመሪያው ሰው ከሆነ በኋላ ሁለተኛው መሆን ለገበሬው እጅግ ይቀልለታል። በሰንበቴውም ቤት እንዲሁ ነው፤ የተጠመቀ ሁሉ በተራው ጽዋ ያነሣል፣ ለማንም የተለየ ኩባያ አይኖርም ብሎ የሚናገረው አለቃው ነው እንጂ በዳር የተቀመጠው ምእመን አይደለም። አንድ ሥጋና አንድ ደም ያቀበለ እጅ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጠላውን በሁለት ዕቃ ሲቀዳ ቢታይ፣ ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው። የዕድሩ ሽማግሎችም ከካህኑ ቀጥሎ ዐቅም ያላቸው ናቸው፤ በመተዳደሪያ ደንባቸው ላይ «ወርሐዊውን የሚከፍልና ደንቡን የሚጠብቅ የሰፈሩ ነዋሪ ሁሉ ይጻፋል» የሚል አንድ መስመር መጨመር፣ የተጻፈም ካለ በተግባር ማዋል፣ ከአንድ ስብሰባ በላይ አይፈጅም።

ይህን ሁሉ ስናደርግ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ማንጆዎች እኛ ካልጠራናቸው የሚጠፉ ሰዎች አይደሉም። የራሳቸው ሽማግሎች አሏቸው፤ ሙታናቸውን ይቀብራሉ፣ ችግረኞቻቸውን ይረዳሉ፣ እርስ በርሳቸው ይከባበራሉ። እንደ ምጽዋት ተቀባይ ብንጠራቸው ሁለተኛ ንቀት ይሆናል። ብዙ ዘመን በቅጠል የተሰጠው ሰው ዛሬ ስኒ ሲሰጠው ቢጠራጠር፣ «ዛሬ ምን ፈልገው ነው?» ቢል፣ ላይመጣም ቢችል ሊፈረድበት አይገባም። ጥሪውን ደግሞ ማቅረብ፣ እርሱም በቤቱ ሲጠራ ሄዶ መብላት ያስፈልጋል፤ ጎረቤትነት በሁለት በር የሚሄድ ነገር ነውና፣ ጠርቶ የማይጠራ ሰው ገና ከፍ ብሎ እንደ ተቀመጠ ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ በእኛ ደጅ ተገፍተው ወደ ሌላ የሃይማኖት ጉባኤ መሄዳቸው የታወቀ ነው። ስለዚህ የሚቈጣ ካህን አለ፤ ቍጣው ግን በሄዱት ላይ ባይሆን መልካም ነበር።

ስለ ጋብቻ ያለውን ነገር በዚህ ጽሑፍ አልነካሁትም። ይህ ከስኒውና ከዕድሩ የሚከብድ፣ የልጆችን ፈቃድና የወላጆችን ክብር፣ የርስትንና የስምን ነገር የሚያስነሣ ነው፤ በካፋ ብቻ ሳይሆን በጎንደርም በጎጃምም ቢሆን ዛሬ ስንኳ ዘር የማይቈጥር ሽማግሌ ለሽምግልና አይላክም። ነገሩ ራሱን የቻለ ምርመራ ይፈልጋልና ለሌላ ቀን ላቆየው፤ በዚህ መካከል ግን መጪው የቡና ለቀማ ሲደርስ ደቦው ይጠራል፣ ማንጆውም ከለቃሚዎቹ መካከል ይኖራል፤ የቀትር እረፍት ሲሆን ቡናው የት እንደሚቀዳና በምን እንደሚቀዳ የሚወስኑት በዚያ የሚገኙት ሰዎች ናቸው።